ሁለት በር፣ አንድ አንቴና

ሻዓራይም በዕብራይስጥ ሁለት በር ማለት ነው። ስሙ ጥንታዊ ነው፤ ኢያሱ ርስት ሲያካፍል ከይሁዳ ከተሞች ጋር ተቆጥሯል፣ ዳዊት ጎልያድን በጣለ ዕለትም የፍልስጥኤም ቁስለኞች የወደቁት በሻዓራይም መንገድ ላይ ነበር። እኔ ግን ስሙን ያወቅሁት በኳስ በኩል ነው። በ1994 ከመርካዝ ክሊታ፣ ከአዲስ መጤዎች ማረፊያ፣ ወጥተን የሻዓራይም ሰፈር ወዳለባት ወደ እስራኤሏ ረሆቦት ስንገባ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አብሮኝ ኳስ የሚጫወት የየመን ልጅ አሸዋው ላይ በጣቱ ጎል ሣለልኝና «ይህ ሻዓር ነው፤ ሁለት ሲሆን ሻዓራይም» አለኝ። በዕብራይስጥ በርና ጎል የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሰፈር በሁለት ጎል መካከል የተሠራ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ሙያዬ አንቴናና ዲሽ መስቀል ነው። ከወታደርነት እንደወጣሁ ጀመርኩ፤ ሻዓራይም፣ ማርሞሬክ፣ ኪርያት ሞሼ፣ ያልወጣሁበት ጣራ የለም ብል አላጋነንኩም። ጣራ ላይ ያለ ሰው የሰፈሩን ታሪክ በብረት ተጽፎ ያገኘዋል። ከሥር የዛገው ወፍራም ምሰሶ የስድሳዎቹና የሰባዎቹ ነው። በጎኑ የተቆረጠው ጥቁር ገመድ የኬብል ዘመን ነው። ዲሹ የሁለት ሺዎቹ ነው። ከአሥር ዓመት ወዲህ ያለው ግን ጣራ ላይ ምልክት የለውም፤ ሁሉም በስልክ መስመር ገብቷል። ስለዚህ ጣራ የማይናገረውን ልጽፍ ተነሣሁ። ዓመቶቹን እዚህ እንደለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የአገር ቤቱን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ረሆቦት በ1890 የተቆረቆረች የወይንና የብርቱካን መንደር ነበረች። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከየመን የመጡ አይሁዶች ለገበሬዎቹ ጉልበት ሠራተኛ ሆኑ፤ ከመንደሩ ወጣ ብለው የሠሩት ሰፈር ሻዓራይም ተባለ። ማርሞሬክ በ1930 መጣ፤ ነዋሪዎቹ ከገሊላ ባሕር ዳር፣ ከኪኔሬት፣ ለዓመታት ካለሙት መሬት እንዲነሡ የተደረጉ የመኖች ናቸው። ሁለቱም ሰፈሮች የኳስ ቡድን አወጡ፤ ማካቢ ሻዓራይምና ሃፖዔል ማርሞሬክ። የማካቢ ሻዓራይም ትልቁ ዘመን በስድሳዎቹ ነው፤ ያኔ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ከቴል አቪቭና ከሃይፋ ቡድኖች ጋር ተሰልፎ ይጫወት ነበር። የዚህን ክብደት ለመረዳት ሰፈሩን በእግር መዞር ይበቃል፤ ከጫፍ ጫፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ያን ዘመን የነገሩኝ ሥራ የለመድኩባቸው የሻዓራይም ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው ከሰንዓ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው የተወለዱት እዚሁ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ሌሊቱን በምድጃ ያደረ ኩባነ ሲልኩልን እናቴ የሰንበት ዳቦ ትልክላቸው ነበር። የእሷንና የእሳቸውን ዳቦ ጎን ለጎን ላየው ሰው የአንድ እናት እጅ ይመስለዋል። ሰንበትን አጥብቀው ይጠብቃሉ፣ እኛም እንጠብቃለን። የሊጉ ጨዋታ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የዚህ ሰፈር ፈተና እዚህ ላይ ነው።

ከቴሌቪዥን በፊት ሬዲዮ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት የእስራኤል ድምፅ «ሺሪም ቬሽዓሪም» የሚል ፕሮግራም ያሰማል፤ ትርጉሙ «ዘፈኖችና ጎሎች» ነው። ዘፈን እየተሰማ ድንገት ይቋረጥና ከየሜዳው ዘጋቢው ጎል መግባቱን ይናገራል። ሽማግሌው በሰንበት ሬዲዮ አይነኩም። ሰንበት የማይጠብቀው የማዶው ጎረቤት ግን መስኮቱን ከፍቶ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። «ሆን ብሎ ነበር፤ ለእኔ ብሎ» አሉኝ። አንድም ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም። ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ምስሉን የሚያዩት ሰንበት ከወጣ በኋላ ማታ ነው፤ ቴሌቪዥኑ «ማባት ስፖርት» በሚለው ፕሮግራም የቀኑን ጎሎች ያሳያል። ሰንበት የሚጠብቅና የማይጠብቅ በአንድ ሰዓት በአንድ መስኮት ፊት የሚቀመጡት ያን ጊዜ ነበር። ስለ ነጻ ቴሌቪዥን ሲወራ ሰው ሁሉ ዋጋውን ያነሣል፤ እኔ መጀመሪያ የማነሣው ይህን ሰዓት ነው።

የእስራኤል ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ግንቦት 2 ቀን 1968 በኢየሩሳሌም የነጻነት በዓል ሰልፍን በማሳየት ነው። ከዚያ እስከ 1993 አገሪቱ የነበራት ዋና ጣቢያ አንድ ነው። ሞገዱ ለእኛ ሰፈር ከኢየሩሳሌም ኮረብቶች፣ ከኤታኒም ማማ ይመጣል፤ የሻዓራይም አንቴና ሁሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረው ለዚህ ነው። ምሰሶውን ትንሽ ለሚያዞር ሰው አማንም ትገኝ ነበር።

አንቴና ለመስቀል ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጣራ ላይ ምሰሶውን ያዞራል፣ አንዱ ቤት ውስጥ ምስሉን ያያል፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ቆሞ ቃል ያመላልሳል። «መጣ!» «ሄደ!» «ተው፣ እንዳትነካው!» ይህን ጩኸት አዲስ አበባ ያደገም ያውቀዋል። ሦስተኛው ሰው ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ነው፤ ስለዚህ ምስሉ ሲጠራ እሱም መቀመጫ አለው።

ሽማግሌው ከሁሉ አብልጠው የሚያወሩት 1977ን ነው። ማካቢ ቴል አቪቭ በቅርጫት ኳስ ለአውሮፓ ዋንጫ ይጫወት ነበር። የሶቭየት ኅብረቱ ቡድን ቴል አቪቭ አልመጣም አለ፣ ማካቢንም ሞስኮ ላይ አልተቀበለም፤ ስለዚህ የካቲት 17 ቀን ቪርቶን በምትባል ትንሽ የቤልጅግ ከተማ ተገናኙ። ማካቢ 91 ለ79 አሸነፈ። ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን ቤልግሬድ ላይ የጣሊያኑን ቫሬዜን 78 ለ77 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ሐሙስ ማታ ነበር፣ በፋሲካ ሳምንት መካከል፤ ገበታው ላይ እርሾ የሌለው ቂጣ ነበር ይላሉ። ከመንገዱ ቴሌቪዥን ያለው እሳቸው ቤት ስለነበር መዝጊያውን ከማጠፊያው ነቅለው አነሡት፤ ውጭ የቆመውም ሰው እንዲያይ ብለው። የዚያኑ ሌሊት በዚያው መስኮት ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ከሥልጣን መልቀቃቸውን ተናገሩ። በደስታ የሰከረው ሕዝብ ሳይበተን ዝም አለ። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ሌሊት።

ያም ሁሉ በጥቁርና ነጭ ነው። ምክንያቱ የመሣሪያ እጥረት ብቻ አልነበረም። በሰባዎቹ መንግሥት ባለቀለም ቴሌቪዥን ቅንጦት ነው፣ የውጭ ምንዛሬ ያባክናል ብሎ ጣቢያው ከውጭ በቀለም የሚመጣውን ምስል ቀለሙን አጥፍቶ እንዲያስተላልፍ አደረገ። መሣሪያው «ሜሒቆን» ይባላል፤ አጥፊ እንደማለት ነው። በሞገዱ ውስጥ ቀለምን የሚያስተካክለውን ምልክት ብቻ ነው የሚቆርጠው፤ ቀለሙ ራሱ አለ፣ መሪ ግን የለውም። የእኛ ሙያ ሰዎች ታዲያ መሪውን የሚመልስ ትንሽ ሳጥን ሠርተው ሸጡ። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ በሄደ ቁጥር ቀለሙ ይፈርሳል፤ ሰው ተነሥቶ ቁልፉን ማዞር አለበት። ለዚህ ሥራ የቤቱ ትንሽ ልጅ ይመደባል። እንዲህ ዓይነት ሳጥን አንድ ምድር ቤት አግኝቼ አስቀምጫለሁ፤ ገዢ ቢመጣም አልሸጠውም።

«ነጻ» ስል ግን እውነቱን ማለት አለብኝ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ «አግራ» የሚባል ዓመታዊ ክፍያ ነበረበት፤ የተሻረው በ2014 በወጣው ሕግ ነው። ስለዚህ በአየር የሚመጣው ነገር በከንቱ አልመጣም፣ ሁሉም አዋጥቶበታል። እንደ ዕቁብ ሳይሆን እንደ ዕድር ነበር ብል ይቀርባል፤ የሚደርስህን ተራ አትጠብቅም፣ ቀኑ ሲመጣ ድንኳኑ ለሁሉም ይተከላል።

እኔ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው ያደግሁት። አምቦበር፣ ከጎንደር ትንሽ ራቅ ብላ ያለች መንደር፣ ቴሌቪዥን አላየሁም። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስትወስድ የሰማሁት ከአንድ መምህር ሬዲዮ ነው። የደምሴ ዳምጤ ድምፅ እንባ ሲያንቀው አባቴ «ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» ብሎ ጠየቀ። አሸንፈን ነው አልነው። «ካሸነፍን እኮ ደግ ነው» አለና ግን እሱም ዝም ብሎ መሬት መሬቱን አየ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከፈተው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ አገሪቱ የአፍሪካን ዋንጫ ግብፅን 4 ለ2 አሸንፋ የወሰደችው ግን ጥር 1954 ዓ.ም. ነው። ትልቁ ድላችን ከቴሌቪዥኑ በሦስት ዓመት ገደማ ይቀድማል። ለዚህ ይመስለኛል እኛ ዘንድ ኳስ እስከ ዛሬ በጆሮ የሚታየው።

በ1990 አዲስ አበባ በእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ ጉዟችንን ስንጠብቅ የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ቴሌቪዥን ነበራት። ካሜሩን አርጀንቲናን በጣሊያን የዓለም ዋንጫ መክፈቻ 1 ለ0 ስታሸንፍ ግቢው ሞልቶ አጥሩ ላይ ሰው ተንጠላጥሎ ነበር። ሴትየዋ ኪራይ አንድ ሳንቲም አትምርም፤ ለኳስ ግን በሯን ዘግታ አታውቅም። በግንቦት 1991 መጨረሻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሆነን ወደ እስራኤል ስንወጣ የተሰናበትኳት የመጨረሻዋ ሰው እሷ ናት። «እዚያም ኳስ ይኖራል፣ አይዞህ» አለችኝ።

ኖረ። መስከረም 25 ቀን 2000፣ ሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። አባቴ ያኔ ዕብራይስጥ አይሰማም ነበር፤ ዛሬም ብዙ አይሰማም። ኪርያት ሞሼ ያለችው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አሥራ ስምንት ሰው ቆጥሬያለሁ፤ ሽማግሌውም ከሻዓራይም በእግራቸው መጥተው ነበር። ዘጋቢው በዕብራይስጥ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ መጨረሻው ዙር ላይ ትርጉሙን ተውኩት። ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት ጎን ለጎን መጡ። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ገባ፣ ኬንያዊው በ27 ከ18.29። በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ! እናቴ እልል አለች፤ የየመኑ ሽማግሌ አባቴን አቅፈው በየመን ዜማ ዘመሩ። አባቴ ቃሉ አልገባውም፣ አጨበጨበ። ለዚያ ቀን ማንም ምዝገባ አልጠየቀንም፣ የሰማንያ ዓመት ሰው የይለፍ ቃል አላስታውስም ብሎ ከጨዋታው አልቀረም።

ያኔ ግን በሩ መዘጋት ከጀመረ አሥር ዓመቱ ነበር። ኬብል በ1990 ገደማ ገባ፤ ከእሱ ጋር የስፖርት ብቻ የሆነው አምስተኛው ጣቢያ መጣ። በ1993 ሁለተኛው ጣቢያ በአየር ሲጨመር ሰው ምርጫ አገኘ ብሎ ደስ አለው፤ ኳሱ ግን ጥቂት በጥቂት ወደ ኬብሉ ሄደ። በእኛ ሕንፃ በር እያንኳኳ የሚያስፈርም ሻጭ መጣ። አባቴ የማያነበውን ወረቀት ፈረመ፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ርካሽ ናቸው፣ ከዚያ ዋጋው እንደሚጨምር የሚለው ከታች በደቃቅ ፊደል ነበር። ማቋረጥ ሲፈልግ የመለሰለት በቁልፍ የሚመራ የስልክ ድምፅ ነው፤ «ለዕብራይስጥ አንድን ይጫኑ» ይላል፣ ለአማርኛ የሚጫን ግን የለም። እንዲህ ያለ ቤት ብዙ አይቻለሁ።

በአገር ቤት የሆነውም ከዚህ አይርቅም። የእንግሊዝ ሊግ በዲኤስቲቪ ሲገባ ክፍያው ለአንድ ቤተሰብ ስለሚከብድ «ዲኤስቲቪ ቤት» የሚባል ነገር ተፈጠረ፤ በቆርቆሮ የታጠረ አዳራሽ፣ ረድፍ አግዳሚ፣ በር ላይ ጥቂት ብር። ከዚያ ሕዝቡ ቫርዚሽን አገኘ። የታጂኪስታን የመንግሥት የስፖርት ጣቢያ ነው፤ በ52.5 ዲግሪ ምሥራቅ ባለችው ያህሳት ላይ የአውሮፓን ኳስ ያሳይ ነበር። ኢትዮጵያዊው በማያውቀው የታጂክ ቋንቋ አርሰናልን ሲያይ ከረመ። የአክስቴ ልጅ ከጎንደር ደውሎ ዲሹን በስልክ አስተካክለንለታል፤ እሱ ጣራ ላይ፣ ሚስቱ ቲቪው ጋ፣ እኔ ሻዓራይም ሆኜ። «መጣ!» ስትል ሰማኋት። ሦስተኛው ሰው ባሕር ማዶ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን አወቅሁ። በኋላ ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ሲከፈትና ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ሲወጡ አገሩ በሙሉ ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ራሱ በ2020 ለአምስት ዓመት፣ በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለዲኤስቲቪ ተሸጠ። ይህን አልነቅፍም። ክለቦቹ ከቴሌቪዥን ገንዘብ አገኙ፣ በአማርኛ የሚዘግብ የራሱ ጣቢያ ተከፈተለት፣ ባሕር ዳር ላይ የተቆጠረ ጎል በብዙ ካሜራ ታየ። ማካቢ ሻዓራይም በስድሳዎቹ ካገባቸው ጎሎች ስንቱ በፊልም ተቀርጿል? ሽማግሌው ጎሎቹን በእጃቸው አየር ላይ ነው የሚሥሉልኝ። ገንዘቡ መቅረጽን አመጣ፤ የተቀረጸው ደግሞ ከሚከፍለው ውጭ ማን እንደሚያየው ሌላ ጥያቄ ነው።

እዚህ ሥራዬ ለአንድ አፍታ አንሰራርቶ ነበር። በነሐሴ 2009 ኢዳን ፕላስ የሚባለው ዲጂታል ሥርጭት ተጀመረ፤ ሳጥኑን አንድ ጊዜ ትገዛለህ፣ ወርሃዊ ክፍያ የለም። በመጋቢት 2011 መጨረሻ አሮጌው ሞገድ ጠፋ። ያኔ ለሽማግሌዎች ከመቶ በላይ ሳጥን ገጠምኩ፤ በርቀት መቆጣጠሪያው ላይ አባቴ የሚፈልጋቸውን ቁልፎች በቀይ ፕላስተር ለይቻለሁ።

የዚያ ሳጥን ክብር የታየው ታኅሣሥ 18 ቀን 2022 ነው። የሐኑካ የመጀመሪያው ምሽት ነበር፤ የሕዝብ ጣቢያው ካን 11 የአርጀንቲናና የፈረንሳይን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያሳያል። በሕንፃችን ወጣቶቹ ሁሉ በኢንተርኔት ነው የሚያዩት፣ አባቴ በአንቴና። በኢንተርኔት የሚመጣ ምስል ተቆራርጦ፣ ተጠቅሎ፣ ተከማችቶ ነው የሚደርሰው፤ ከአንቴናው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ምባፔ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲያገባ አባቴ ሁለት ጊዜ «ገባ!» ብሎ ጮኸ፣ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ጎሉን ሳያይ አወቀው። በሦስተኛው ፎቅ ያለው ወጣት ደረጃውን ወርዶ መጣ፣ «አባባ፣ እርስዎ ጋ ልይ» አለ። ሌሎችም ተከተሉ። መለያ ምቱ ሲጀመር ሳሎኑ ሞልቶ ነበር፤ ሻማው ተለኩሶ መስኮቱ ላይ ይበራል። ኢንተርኔቱ ስለዘገየ ብቻ ሰዎች ወደ አንድ ክፍል ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ምሽት አልመጣም። ነሐሴ 27 ቀን 2023 በቡዳፔስቱ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ኢትዮጵያ ተወልዶ እዚህ ያደገው ማሩ ተፈሪ በማራቶን ሁለተኛ ወጣ፤ ዩጋንዳዊው ኪፕላንጋት አንደኛ፣ ኢትዮጵያዊው ልዑል ገብረሥላሴ ሦስተኛ። ለአባቴ ከዚህ የበለጠ ውድድር አልነበረም፤ ሁለቱም ልጆቹ ናቸው። የእህቴ ልጅ መዳፉን በሚያህል ስልክ አሳየው። ዓይኑ ስለደከመ ሯጮቹን መለየት አልቻለም፤ «ማነው የኛ?» ይላል፣ «ሁለቱም አባባ» ይለዋል። ልጁ አልበደለም፣ ስልኩን ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞለታል። ነገር ግን ማንም ሌላ ሰው ማየት አልቻለም። እናቴ እልል ያለችው ከወጥ ቤት ሆና፣ ነገር ካለቀ በኋላ፣ ሲነግሯት ነው።

ባለፈው የሱኮት ሰሞን የሽማግሌው ልጅ ጠራኝ። ለአባቷ የስፖርት መተግበሪያውን ከከፈተችላቸው በኋላ ሁለት ጊዜ ተዘግቶባቸዋል፤ በስልክ የሚላከውን ቁጥር ለማንበብ መነጽራቸውን እስኪያገኙ ጊዜው ያልፋል። «አንቴናውን መልስልኝ ብለውኛል» አለች። ጣራ ላይ ወጣሁ። የ1977ቱ ምሰሶ እንዳለ ነው፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቄ አዲሷን ትንሽ አንቴና አሠርኩባት፣ ፊቷንም ወደ ኤታኒም አዞርኩ። ልጅቷ ቲቪው ጋ ቆማለች፤ ሽማግሌው በዘጠናው ዓመታቸው መስኮቱን ራሳቸው ከፍተው አንገታቸውን አውጥተዋል።

«ወደ ግራ» አሉኝ። ትንሽ አዞርኩ።

«ሄደ። መልስ፣ መልስ... ተው፣ አቁም! መጣ!»